ሰውን መቀበል፣ ኃጢአትን መቀበል

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ስለ ቤተሰብ ሊመክሩ ሮማ የተሰበሰቡ የካቶሊክ ጳጳሳት በአንዲት ግሥ ምክንያት ተከፋፍለው ሰነበቱ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ጉባኤው እኩሌታው ላይ ሲደርስ በወጣው የውይይት ማጠቃለያ ውስጥ፣ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ሰዎች ለክርስቲያኑ ማኅበር የሚያበረክቱት ስጦታ እንዳላቸው ተጠቅሶ፣ ታዲያ እነዚህን ሰዎች ተቀብለን በመካከላችን ቦታ ልንሰጣቸው እንችላለን ወይ የሚል ጥያቄ ሰፍሮ ነበር። ጣሊያንኛው የተጠቀመበት ግሥ ለእንግዳ በር ከፍቶ ማስገባትን የሚያመለክት ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉምም መጀመሪያ ያንኑ አለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን እንግሊዝኛው ተለወጠና «መቀበል» የነበረው «የሚያስፈልጋቸውን ማሟላት» ወደሚል ዞረ። ጣሊያንኛው እንደነበረ ቀረ። በጉባኤው ማብቂያ ድምፅ ሲሰጥ ጉዳዩን የሚመለከተው አንቀጽ፣ ያውም ለዝቦና ተቆርጦ፣ 118 ድጋፍና 62 ተቃውሞ አገኘ፤ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ለጥቂት ጎደለ።

ለአንዲት ግሥ ይህን ያህል? የሚል ካለ፣ እስቲ ወደ ራሳችን ቋንቋ ይመለስና ያስብ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ጠቡ ከዚህም በባሰ ነበር። እኛ እንግዳ እንቀበላለን፤ ደጅ ድረስ ወጥተን፣ ከተቀመጥንበት ተነሥተን። ሐሳብም እንቀበላለን፤ «ልክ ነህ» ብለን። ጥፋተኛ ጥፋቱን ይቀበላል። ምእመንም ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። ይህ ሁሉ አንድ ቃል ነው። ሮማ ላይ የተፈራውም ይኸው ይመስለኛል፤ እንግዳውን የተቀበልን ዕለት ሐሳቡን የተቀበልን ይመስላል፤ ሐሳቡን ከተቀበልን ደግሞ ጥፋቱን እንዲቀበል የምንጠይቅበት አፍ አይኖረንም፤ ጥፋቱን ሳይቀበል ቁርባን ሊቀበል ሲቀርብ ምን እንለዋለን? ፍርሃቱ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ግን ከበሩ ላይ ቆሞ ያለውን ሰው ለጊዜው ያስረሳል።

ካቶሊክ ያልሆንኩ ሰው በዚህ ጉዳይ መግባቴ ምን ቤት ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ነገሩ የካቶሊኮች ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልነካሁት። አኗኗሩን ኃጢአት ነው ብለህ የምታምንበት ሰው እሑድ ጠዋት ከጎንህ ሲቆም ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ ግን በር ያለውን የእምነት ቤት ሁሉ ይመለከታል። ካቶሊኮች የሚለዩት ክርክራቸውን በጽሑፍ፣ በቁጥርና በፊርማ ስለሚያካሂዱ ነው፤ ለውጭ ሰውም ለመከታተል ይመቻል።

ትምህርቱ ራሱ ምን ይላል? የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣው ሰነድ ድርጊቱን ኃጢአት መሆኑን አጽንቶ፣ ዝንባሌው አብሯቸው የሚኖር ሰዎች እንዳሉ ግን አምኗል። በ1986 ዓ.ም. ኋላ ቤኔዲክቶስ 16ኛ ተብለው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት ካርዲናል ጆሴፍ ራትሲንገር የፈረሙበት ደብዳቤ ደግሞ፣ ዝንባሌው በራሱ ኃጢአት ባይሆንም ወደ ኃጢአት የሚያዘነብል በመሆኑ ከሥርዓቱ የተዛነፈ ነው አለ። ይኸው ደብዳቤ በእነዚህ ሰዎች ላይ በቃልም ሆነ በእጅ የሚፈጸመውን ጥቃት አውግዟል፤ ይህኛው ግማሽ ግን ሲጠቀስ አይሰማም። ቀጥሎ የ1992ቱ ካቴኪዝም መጣ። ከቁጥር 2357 እስከ 2359 ባሉት አንቀጾች ድርጊቱን ያወግዛል፣ ሰዎቹ በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ እንዲስተናገዱ ያዝዛል፣ በመጨረሻም ለንጽሕና ኑሮ ተጠርተዋል ይላል። ካቴኪዝሙ መጀመሪያ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። በመካከለኛው አንቀጽ ላይ ያለው የፈረንሳይኛ ግሥ፣ ከ22 ዓመት በኋላ ጳጳሳቱን ያጣላው «መቀበል» ራሱ ነው። አዲስ ነገር መጣ ተብሎ የተጮኸበት ቃል በመጽሐፉ ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

«የተዛነፈ» የምትለው ቃል የፍልስፍና ቃል ናት። ከቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በወረሱት አነጋገር ማንኛውም ፍላጎት ወደ ተፈጠረበት ግብ ሲያመራ ሥርዓት አለው፤ ሲስት ይዛነፋል። በዚህ አባባል ስስታምም የተዛነፈ ፍላጎት አለው። ሊቃውንቱ ይህን ሲሉ ስድብ መናገራቸው አይደለም። ነገር ግን ቃሉን የሚሰማው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የአኩዊናስን መዝገበ ቃላት በጉያው ይዞ አይዞርም። እሱ የሚሰማው «ስትፈጠር ተበላሽተሃል» የሚል ነው። ስስታሙን ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ስስቱን እንጂ እሱን አይነኩትም።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ከሮማ ይብሳል። «ግብረ ሰዶም» ስንል «ግብር» አለበት፤ ድርጊት ማለት ነው። ሰውዬውን «ግብረ ሰዶማዊ» ብለን ስንጠራው በድርጊቱ ሰየምነው። ታዲያ ዝንባሌው ያለው፣ ድርጊቱን ግን ከቶ ያልፈጸመ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያዘዘችውን የንጽሕና ኑሮ በትክክል የሚኖር ሰው ምን ይባላል? ግብር የሌለው ግብረ ሰዶማዊ? ካቶሊካዊው ትምህርት የቆመበት ልዩነት፣ በዝንባሌና በድርጊት መካከል ያለው፣ በአማርኛ ገና አፍ ሲከፈት ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ረዘም ያለውን አጠራር የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ሰዶም ከተነሣች ደግሞ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 የሰዶም ሰዎች እንግዶችን ሊደፍሩ በሎጥ ደጅ ተሰበሰቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 18 አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሮጦ ተቀብሎ፣ እግራቸውን አሳጥቦ፣ ጥጃ አሳርዶ አብልቷቸዋል። እንግዳ ተቀባይን ሰው «የአብርሃም ቤት ነው» የምንል ሕዝቦች ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ሊያስገርመን ይገባል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 የሰዶምን በደል ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብንና ለድሃ እጅ አለመዘርጋትን ያስቀድማል፤ ርኩሰቷን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምለው ሰዶም የሥጋ ኃጢአት አልነበረባትም ለማለት አይደለም። ስለ ሰዶም ሲሰበክ የጠገበና ድሃ የረሳ ሰው ራሱን ሳይጠረጥር ወደ ቤቱ መግባቱ ግን ይደንቀኛል።

ትምህርት በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚቆም አየን፤ በከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለማየት የ1980ዎቹን ኒውዮርክ የሚተካከል የለም። ኤድስ በዚያች ከተማ ወጣት ወንዶችን ሲያረግፍ፣ በግሪንዊች ቪሌጅ ሠፈር የካቶሊክ መነኮሳይያት በ1849 ዓ.ም. ያቋቋሙት የቅዱስ ቪንሰንት ሆስፒታል በ1984 ዓ.ም. ለበሽተኞቹ የተለየ ክፍል ከፈተ። ሰው ሊነካቸው በሚፈራበት ጊዜ ነው ይህ። በ1985 ዓ.ም. በገና ዋዜማ እማሆይ ቴሬዛ በዚያው ሠፈር ለሚሞቱት ሕሙማን ማረፊያ ቤት ከፈቱ። ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል ጆን ኦኮነር ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ሕሙማኑን በገዛ እጃቸው ያስታምሙ ነበር።

እኚሁ ካርዲናል ግን በትምህርቱ ላይ አንዲት ጋት አልተነቃነቁም። ዲግኒቲ የሚባል ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ካቶሊኮች ማኅበር አለ፤ በ1969 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አንድ የአውግስጢኖሳውያን ካህን የጀመረው ነው። የኒውዮርኩ ቅርንጫፍ በማንሃታን በቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰበ ያስቀድስ ነበር። የ1986ቱ ደብዳቤ ከትምህርቱ ጋር ለማይስማሙ ማኅበራት የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ እንዳይፈቀድ አሳስቦ ስለነበር፣ በመጋቢት 1987 ዓ.ም. ይኸው ቅዳሴ እንዲቆም ተደረገ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ከአባላቱ ብዙዎቹ ጓደኞቻቸውን በየሳምንቱ በሚቀብሩበት ዘመን ነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ሲሞቱ የሚያጥባቸው ካርዲናል፣ በእግራቸው ቆመው ሲመጡ የጸሎት ቦታ ነሣቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1989 ዓ.ም. ሰልፈኞች በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ቅዳሴውን አወኩ፤ አንደኛው የተቀበለውን ቅዱስ ቁርባን ሰባብሮ መሬት ላይ ጣለ። በዕለቱ 111 ሰዎች ታሠሩ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ሥራቸውን ግን ላመሰግነው አልችልም። የሌላውን ቅዱስ ነገር መርገጥ ለማንም በር አይከፍትም።

ካርዲናሉ ግብዝ ነበሩ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የሚያምኑትን ሁለቱንም ነገር በሙሉ ልባቸው ያመኑ ሰው ነበሩ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ለምንድን ነው ርኅራኄ ለሚሞተው ሰው የቀለለውና በጤናው ለሚመጣው የከበደው? መልሱን የማውቅ ይመስለኛል። የሚሞት ሰው ምንም አይጠይቅም። በጤናው የሚመጣ ሰው ግን ነገም ይመጣል፤ መዝሙር ልዘምር፣ ልጆች ላስተምር፣ ወዳጄን ይዤ ልምጣ ይላል። አብሮ መኖር ይጠይቃል።

ይህ ወደ ዋናው ነገሬ ያመጣኛል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእነዚህ ሰዎች የምትጠይቀው ዕድሜ ልክ ያለ ፍቅረኛ መኖርን ነው። እስቲ ይህን ከመነኩሴ ኑሮ ጋር እናስተያየው። መነኩሴ ተጠርቶ ይሄዳል፤ ዓመታት ይፈተናል፤ ካልቻለ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከቻለ በገዛ አንደበቱ ይሳላል። ከዚያ በኋላ ገዳም አለው፣ አበምኔት አለው፣ አብረውት የሚጸልዩና ሲያረጅ የሚጦሩት ወንድሞች አሉት። ሰው ሲያየው ይነሣለታል፤ መስቀል ይሳለማል። የዚያ ዝንባሌ ያለው ምእመን ግን ማንም ሳይጠይቀው ተመሳሳዩን ሸክም ተሸከም ተብሏል፤ ገዳሙ፣ ወንድሙና ክብሩ ግን የሉም። ያለ ቀሚስና ያለ ቆብ በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዲመንን ነው የተነገረው። መንኖ ሲገኝም የሚያመሰግነው የለም፤ ከጀርባው ይንሾካሾኩበታል።

ካቴኪዝሙ ይህን ችግር ጨርሶ አልዘነጋም። በቁጥር 2359 ላይ ንጽሕናውን ከጸሎትና ከምሥጢራት ሌላ በቅን ወዳጅነት ድጋፍ እንደሚያገኘው ይናገራል። ጥሩ፤ ወዳጁ ማን ነው? የእሑድ ምሳ የሚጠራው ቤት የማን ነው? ልጅ ሲጠመቅ ክርስትና አንሣልኝ የሚለው ማን ነው? ታሞ ሲተኛ ሾርባ የሚያመጣለት የትኛው የቁምስናው ማኅበር ነው? እኔ እንደሚገባኝ፣ ትምህርቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ለእነዚህ ምእመናን ያለበት ዕዳ ከለዘብተኛው ይበልጣል። ለዘብተኛው ያን ያህል ከባድ ነገር አልጠየቃቸውም። አጥባቂው ግን ቤት አትሥራ፣ ልጅ አትውለድ፣ ብቻህን ሁን ብሏል፤ ስለዚህ ቤትና ወንድም የመሆን ግዴታ ወድቆበታል። ይህ ሳይፈጸም የሚነገር ትምህርት ፈሪሳውያን ከባድ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ ጭነው በጣታቸው እንኳ ሊነኩት አይፈልጉም የተባለውን ያስታውሰኛል። በ1980 ዓ.ም. በኒውዮርክ የተመሠረተውና ከትምህርቱ ሳይወጣ እነዚህን ሰዎች የሚያሰባስበው ከሬጅ የተባለው ማኅበር ቢያንስ ይህን ዕዳ አውቆታል። ከእሱ ጋር የማይስማሙት ሰዎች እንኳ ይህን ሊመሰክሩለት ይገባል።

በሌላው ወገን ያለውን ክርክርም ቀላል አድርጌ ልየው አልፈልግም። በር ይከፈት የሚሉት ወገኖች አንዳንዴ ኃጢአት የሚለውን ቃል ጭራሹን ከቤቱ ሊያወጡት ይዳዳቸዋል። ማንም ምንም ካልበደለ ንስሐ ለምን ያስፈልጋል? ይቅርታስ ለማን ይሰጣል? ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው «እንዳለህ ደህና ነህ» ለመባል ብቻ ከሆነ ይህን ከወዳጆቹም ይሰማዋል። በዮሐንስ ወንጌል በዝሙት የተያዘችውን ሴት ታሪክ ሁለቱ ወገኖች ለሁለት ተካፍለውታል፤ አንደኛው ድንጋይ የያዙት እጆች የወደቁበትን ይጠቅሳል፣ ሌላው ዳግመኛ እንዳትበድል የታዘዘችበትን። ሁለቱም በተራው ያሉትን ያህል ቅደም ተከተሉን የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ ድንጋዩ መጀመሪያ ወደቀ፣ ምክሩ ከዚያ በኋላ መጣ።

ደግሞም ካቶሊካዊው ትምህርት ራሱ ለሞት የሚያበቃ ኃጢአት እንዲባል ሦስት ነገር መሟላት አለበት ይላል፤ ጉዳዩ ከባድ መሆኑ፣ አድራጊው በሙሉ ዕውቀት ማድረጉና በሙሉ ፈቃዱ ማድረጉ። የመጀመሪያውን ከውጭ ሆኖ መናገር ይቻላል። ሁለቱን ግን የሚያውቃቸው ሰውዬው፣ የንስሐ አባቱና እግዚአብሔር ናቸው። ከኋለኛው ወንበር ተቀምጦ የፊተኛውን ጀርባ የሚመረምር ምእመን አንዱንም አያውቅም።

ምርመራውስ ለሁሉም እኩል ነው ወይ? ለቁርባን በተሰለፈው ሰው መካከል የሠራተኛውን ደመወዝ የበላ አለ፤ በሐሰት የመሰከረ አለ፤ ይህ ደመወዝ የመብላት ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ወደ ሰማይ ይጮኻል ከተባሉት በደሎች አንዱ ነው። በሩ ላይ የሚያስቆመው ግን አላየሁም። ፈትተው እንደገና ያገቡትን በተመለከተ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ፣ እንደየሁኔታው የምሥጢራት እርዳታ ሊያገኙ የሚችሉበትን ቀዳዳ ከፈቱ። ወለድ ማበደርም እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤ ተወግዞ ነበር፤ ዛሬ ቫቲካን የራሷ ባንክ አላት። የገንዘብ ጠባይ ስለ ተለወጠ ነው፣ የሰው አካል ግን አልተለወጠም የሚል መልስ አላቸው፤ ክብደት ያለው መልስ ነው። ሆኖም ለገንዘብ ትዕግሥት የተገኘውን ያህል ለሰው ለምን እንደጠፋ አያስረዳኝም።

ፍራንሲስ በዘመናቸው ትምህርቱን አልለወጡም። አነጋገሩን ግን ለወጡ። በ2013 ዓ.ም. ከብራዚል ሲመለሱ አውሮፕላን ውስጥ፣ እግዚአብሔርን በቅን ልብ በሚሻ እንዲህ ባለ ሰው ላይ እኔ ማን ነኝና እፈርዳለሁ ብለው ጠየቁ። በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ደግሞ ካርዲናል ቪክቶር ማኑኤል ፈርናንዴዝ ያወጡት ሰነድ፣ ካህናት ጋብቻን በማይመስል ሁኔታ፣ ያለ ሥርዓተ ጸሎት፣ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን መባረክ እንደሚችሉ ፈቀደ። ይኸው ጽሕፈት ቤት በ2021 ዓ.ም. እግዚአብሔር ኃጢአትን ሊባርክ አይችልም ብሎ ከልክሎ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ካርዲናሉ በጥር ወር ማብራሪያ አወጡ፤ ቡራኬው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሴኮንድ የሚፈጅ ነው አሉ። በሴኮንድ የተለካ ርኅራኄ! ያስቃል፤ ግን የበር ጠባቂው ጭንቀት በዚያ ቁጥር ውስጥ ይታየኛል።

ጥር 11 ቀን 2024 ዓ.ም. የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ኅብረት በኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ ፊርማ፣ ይህ ቡራኬ ለአፍሪካ አይሆንም የሚል መልስ ሰጠ። ባህላችንን የሚጻረር ነው አሉ፤ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ያላቸውን አንድነት ግን አጸኑ። እምቢ የማለት መብታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እዚያው ፍራንሲስ በጥር 2023 ዓ.ም. ለአሶሺየትድ ፕሬስ ከተናገሩት ጋር አያይዤ ሳየው አንድ ነገር ይጎድለኛል። እሳቸው ያኔ ኃጢአትና ወንጀል ይለዩ፣ እነዚህን ሰዎች የሚያሥሩ ሕጎች ፍትሐዊ አይደሉም፣ ጳጳሳትም ሊቃወሟቸው ይገባል ብለው ነበር። ቡራኬውን ለመከልከል በአንድ ድምፅ የተነሣው ጉባኤ ስለ እሥር ቤቱ በዚያው ድምፅ ቢናገር ደስ ባለኝ። እኛም ዘንድ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እሥራት ይቀጣል። ካቶሊኮቹ በአገራችን ከሕዝቡ አንድ መቶኛ አይሞሉም፤ ሕጉን አላወጡትም፤ ሌሎቻችን ነን። ኃጢአትን ሁሉ በእሥር ከለካን ደግሞ ወህኒ ቤቱ ለስስታሙ፣ ለሐሜተኛውና ለዘማዊው ባል አይበቃም።

አንዲት መነኩሲትን አንሥቼ ላብቃ። አሜሪካዊቷ ሲስተር ጀኒን ግራሚክ ከአንድ ካህን ጋር ሆና በ1977 ዓ.ም. ለእነዚህ ምእመናን የሚያገለግል ድርጅት መሠረተች። በ1999 ዓ.ም. ቫቲካን ሁለቱንም ከዚህ አገልግሎት ለዘለቄታው አገደች። ካህኑ ታዘዘ፤ እሷ እምቢ ብላ ማኅበሯን ለውጣ ቀጠለች። በጥቅምት 2023 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ፍራንሲስ ቫቲካን ጠርተው በመኖሪያቸው ተቀበሏት። በሁለቱ ዓመታት መካከል ከካቴኪዝሙ ሦስት አንቀጾች አንዲት ፊደል አልተነሣችም። በ2025 ዓ.ም. የተተኩት ሊዮን 14ኛም በቅርቡ ትምህርቱ ይለወጣል ብለው እንደማይጠብቁ ተናግረዋል። በመስከረም ወር መጀመሪያ ግን ለእነዚህ ምእመናን በመቆርቆሩ ብዙ የተወገዘውን ኢየሱሳዊ ካህን ጄምስ ማርቲንን በጽሕፈት ቤታቸው አስገብተው አነጋገሩት።